ለቪዲዮው ማለቂያ እንስራለት፦ ለሁሉም ልጆች፣ ኦቲዝም ላለባቸውም ጭምር

ምሽት 12 ሰዓት ነው። ሽሮው ምድጃ ላይ ይንተከተካል። ልጁ ሶፋው ጥግ ተሸጉጦ ስልክ ያያል። «በቃ፣ አሁን ስጠኝ» ትላላችሁ። አይሰማም። ትደግማላችሁ። አሁንም ዝም። ከዚያ ስልኩን ከእጁ ትነጥቃላችሁ፣ ቤቱም ይቀወጣል።

እኔ ቤት ይህ ለሁለት ዓመት ያህል በየቀኑ ነበር። ሁለት ልጆች አሉኝ። ትልቁ 8 ዓመቱ ነው፣ ኦቲዝም አለበት። ትንሿ 4 ዓመቷ ነው። ሁለቱም ቪዲዮ ሲያዩ ዓለምን ይረሳሉ። ሲጠፋባቸው የሚያለቅሱት ግን በተለያየ ምክንያት ነው። ያንን ለመረዳት ጊዜ ወስዶብኛል።

እኔ ልጅ ሳለሁ አባባ ተስፋዬን ለማየት ጎረቤት ቤት እንሰበሰብ ነበር። ተረቱ ያልቃል፣ አባባ ይሰናበታሉ፣ ቴሌቪዥኑ ወደ ትልልቅ ሰዎች ጉዳይ ይሄዳል። እኛም ጫማችንን ፈልገን እንወጣለን። ከእጃችን የሚነጥቀን ሰው አልነበረም፤ ፕሮግራሙ ራሱ ያልቅ ነበር። የዛሬው ቪዲዮ ግን አያልቅም። አንዱ ሲጨርስ ቀጣዩ ተሰልፎ ይጠብቃል። ሾርትስ የሚባሉት አጫጭር ቪዲዮዎችማ አንድ ጣት ብቻ ነው የሚፈልጉት። የ4 ዓመት ልጅ ከዚህ ውስጥ በራሷ እንድትወጣ መጠበቅ ከባድ ነው። እኛ ትልልቆቹ እንኳ እኩለ ሌሊት ላይ ስልኩን አስቀምጠን መተኛት ያቅተን የለ?

ስለዚህ ሥራው የእኛ ነው። ማለቂያ ለሌለው ነገር ማለቂያ እንስራለት። ከዚህ በታች ያለው ሁሉ ወደዚያ የሚወስድ ነው።

እርምጃ 1፦ ለአንድ ሳምንት ምንም ሳትቀይሩ መዝግቡ

ደብተር ያዙና በየቀኑ አምስት ነገር ጻፉ። ስንት ሰዓት ላይ ተከፈተ? በምን ላይ፣ በስልክ ወይስ በቲቪ? ማን ከፈተው? ከዚያ በፊት ምን እየሆነ ነበር? ሲጠፋ ምን ሆነ? ይኸው ነው። በዚህ ሳምንት ማንንም አትቆጡ፣ ምንም አትከልክሉ።

በግምት አትሂዱ። አንድሮይድ ስልክ ላይ ሴቲንግ ውስጥ «ዲጂታል ዌልቢንግ»፣ አይፎን ላይ ደግሞ «ስክሪን ታይም» የሚባል ቦታ አለ። የትኛው አፕ በቀን ስንት ደቂቃ እንደተከፈተ ቁልጭ አድርጎ ያሳያል። እኔ ልጆቼ በቀን አንድ ሰዓት ገደማ የሚያዩ ይመስለኝ ነበር። ወደ ሦስት ሰዓት ተጠግቶ አገኘሁት።

ከቁጥሩ የበለጠ ያስደነገጠኝ «ማን ከፈተው?» የሚለው መስመር ነው። አብዛኛው ቀን ልጆቹ አልጠየቁም። የከፈትኩት እኔ ነኝ። ምግብ ለማብላት፣ ወጥ ለመስራት፣ ስልክ ለማውራት፣ እንግዳ ፊት እንዳያስቸግሩ። ይህን የምለው ራሴንም እናንተንም ለመውቀስ አይደለም። ብቻዋን ቤት የምትይዝ እናት ሁለት እጅ ብቻ ነው ያላት። ግን የትኞቹ ሰዓቶች ላይ ስልኩ እንደ ሞግዚት እንደሚያገለግል ካላወቅን በምን እንደምንተካው አናውቅም።

ስለ መጠኑ የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 ያወጣው ምክር ግልጽ ነው። ከ2 ዓመት በታች ላሉ ልጆች ቁጭ ብሎ ስክሪን ማየት አይመከርም። ከ2 እስከ 4 ዓመት ላሉት በቀን ከ1 ሰዓት አይብለጥ፣ ከዚያ ካነሰ ደግሞ ይሻላል። ጅዳ ወይም ዋሽንግተን ካለች አያት ጋር በቪዲዮ ማውራትን ግን ከዚህ ጋር አትቁጠሩት። እዚያ ሰው አለ፤ ልጁ ሲስቅ መልሶ ይስቅለታል። ከ5 ዓመት በላይ ለሆነ ልጅ እኔ የማየው ሌላውን ነው። በቂ ይተኛል? ተሯሩጦ ይጫወታል? ከሰው ጋር ያወራል? ከእነዚህ አንዱ በቪዲዮ እየተበላ ከሆነ በዝቷል ማለት ነው።

እርምጃ 2፦ የሚታየውን እናንተ ምረጡት

ከሰዓቱ ቀድሞ የሚስተካከለው ይህ ነው። ምርጫውን ለዩቲዩብ ከተዋችሁት ቀጣዩን የሚያመጣው እሱ ነው፤ እሱ ደግሞ ልጃችሁን አያውቀውም። እ.ኤ.አ. በ2017 ልጆች የሚወዷቸውን የካርቱን ገጸ ባሕርያት መልክ የያዙ፣ ውስጣቸው ግን ጭካኔና ፍርሃት የሞላባቸው ብዙ ቪዲዮዎች ተገኝተው ትልቅ ጩኸት ተነስቶ ነበር። ዩቲዩብም ቻናሎችን ዘግቷል፣ ቪዲዮዎችንም አንስቷል። ከውጭ ሲታዩ ተራ የልጆች ካርቱን ነበሩ። ስለዚህ በሽፋን ምስሉ አትመኑ፤ ለልጅ ከመስጠታችሁ በፊት እስከ መጨረሻው እዩት።

ከ10 እስከ 15 የሚሆኑ ቪዲዮዎችን ምረጡ፤ ለጊዜው ይበቃል። ትንንሽ ልጆች መደጋገም ይወዳሉና አይሰለቻቸውም። ስትመርጡ ሦስት ነገር እዩ። አንደኛ፣ ረጋ ያለ ይሁን። ምስሉ በየሁለት ሴኮንዱ የሚቀያየር ከሆነ ተዉት። ሁለተኛ፣ መጀመሪያና መጨረሻ ያለው ታሪክ ወይም መዝሙር ይሁን። ሦስተኛ፣ ርዝመቱን እወቁት። ይህ ኋላ በጣም ይጠቅማችኋል።

ቋንቋውንም አስቡበት። አዲስ አበባ ተወልዶ፣ እናትና አባቱ አማርኛ እያወሩ፣ እሱ ግን በእንግሊዝኛ ብቻ የሚያወራ ልጅ በየሰፈሩ እያየን ነው። እስከ 20 በእንግሊዝኛ ይቆጥራል፣ ቀለማትን ይጠራል፣ «እማ፣ ውሃ» ግን አይልም። ሰው ይገረምበታል፣ ጎበዝ ይባላል። እኔ ግን ያሳስበኛል። ልጅ ቋንቋ የሚማረው ከምልልስ ነው፤ እሱ ድምፅ ያወጣል፣ ሰው ይመልስለታል፣ እሱ ደግሞ ይቀጥላል። ቪዲዮ አይመልስም። በተለይ ከሁለት ዓመት ተኩል በታች ያለ ልጅ ከቪዲዮ የሚማረው ፊት ለፊቱ ካለ ሰው ከሚማረው በጣም ያነሰ ነው። ስለዚህ በአማርኛ የተሰሩትን፣ ለምሳሌ የቀጭኔዋን «ጸሐይ መማር ትወዳለች»ን፣ ቅድሚያ ስጧቸው። ሲቻል ደግሞ አብራችሁ እያያችሁ አውሩበት። በውጭ አገር ለምታሳድጉም አብሮ ማየቱ ነው አማርኛውን የሚያቆየው፤ ቪዲዮው ብቻውን አያቆየውም።

አሁን ወደ ማስተካከያው። ተራው ዩቲዩብ ላይ ቪዲዮው ሲከፈት ከላይ በኩል የአውቶፕሌይ፣ ማለትም ቀጣዩን ቪዲዮ በራሱ የሚያስጀምረው፣ ማብሪያ ማጥፊያ አለ። አጥፉት። ይህ ብቻውን ለእያንዳንዱ ቪዲዮ መጨረሻ ይሰጠዋል። ስልካችሁ ላይ ለልጆች የተሰራውን ዩቲዩብ ኪድስን ማግኘት ከቻላችሁ ደግሞ ይሻላል። በዕድሜ ሦስት ክፍል አለው፤ እስከ 4፣ ከ5 እስከ 8 እና ከ9 እስከ 12። ከእነዚህ ይልቅ ግን ወላጅ የፈቀደው ብቻ እንዲታይ የሚያደርገውን ምርጫ ውሰዱ። ያኔ ልጁ መፈለግ አይችልም፤ የመረጣችኋቸው ብቻ ይመጡለታል። ታይመርም አለው።

እኔ በመጨረሻ የተገላገልኩት ግን በቀላሉ ነገር ነው፤ በፍላሽ። የመረጥኳቸውን ቪዲዮዎች፣ ከራሳችን የቤተሰብ ቪዲዮዎች ጋር፣ ፍላሽ ላይ ጭኜ ቲቪው ላይ ሰካሁት። ኢንተርኔት የለም፣ ፓኬጅ አይበላም፣ ማስታወቂያ የለም፣ ጣት የሚያንሸራትተው ነገር የለም። ቲቪ ከስልክ የሚሻልበት ሌላም ምክንያት አለ። ከሩቅ ይታያል፣ ቤተሰቡ አብሮ ያያል፣ ሪሞቱ ደግሞ እናንተ ጋ ነው።

እርምጃ 3፦ ቦታና ወቅት ስጡት

አንድ ቦታ ብቻ ይሁን። እኛ ቤት ሳሎን ምንጣፉ ላይ ነው። አልጋ ላይ የለም፣ ሽንት ቤት የለም፣ ገበታ ላይ የለም። ከመኝታ በፊት ያለው አንድ ሰዓት ከስክሪን ነፃ ይሁን። ከ3 እስከ 4 ዓመት ያለ ልጅ የቀኑን ጨምሮ ከ10 እስከ 13 ሰዓት መተኛት አለበት፤ እንቅልፉ ከተበላ ነገ ሙሉ ቀን ይነጫነጫል። ማንም የማያየው ቲቪም ይጥፋ። ጀርባችን ላይ ሲያወራ የሚውል ቲቪ እኛ ከልጁ ጋር የምናወራውን ይቀንሰዋል።

ወቅቱን በሰዓት ከማሰር በሚሆን ነገር እሰሩት። «10 ሰዓት ላይ» ከምትሉ «ከመክሰስ በኋላ» በሉ። ትንሽ ልጅ ሰዓት አያውቅም፣ መክሰስን ግን ያውቃል።

ገበታው ከሁሉም ይከብዳል። «ስልክ ካልተከፈተላት አንድ ጉርሻ አትቀምስም» የማይል እናት ስንት አለ? እኔም ብያለሁ። ልጄ አፏን የምትከፍተው ዓይኗ ስክሪን ላይ ተተክሎ ነበር፤ ምን እንደበላች፣ መቼ እንደጠገበች አታውቅም። በአንድ ቀን አላቋረጥኩባትም። መጀመሪያ ስልኩን ገልብጬ ድምፁን ብቻ አሰማኋት። ቀጥሎ መዝሙሩን እኔ መዘመር ጀመርኩ። ቀጥሎ የመጀመሪያዎቹን ሦስት ጉርሻዎች ያለምንም ድምፅ፣ ከሁላችን ጋር ከትሪው ዙሪያ። አንዳንድ ቀን ግማሽ ምሳ ብቻ በላች። ቀጣዩ ምግብ ላይ ደግሞ ርቧት ካሰችው። ሦስት ሳምንት ገደማ ፈጀ። ኦቲዝም ኖሮበት የሚበላው ምግብ በጣት የሚቆጠር ልጅ ግን ሌላ ጉዳይ ነው። እሱ ላይ ይህን ከመሞከራችሁ በፊት ሐኪም አማክሩ፤ ክብደቱ መውረድ የለበትም።

እርምጃ 4፦ ማለቂያውን ስሩ

ማለቂያ የሚሰራው ቪዲዮው ከመከፈቱ በፊት ነው። «ሁለት ቪዲዮ እናያለን፣ ከዚያ ኳስ» በሉ። በደቂቃ አትቁጠሩ፤ «5 ደቂቃ ቀረህ» ለ4 ዓመት ልጅ ምንም ማለት አይደለም። ሁለት ቪዲዮ ግን ሁለት ነው። ርዝመታቸውን እወቁ ያልኩት ለዚህ ነው። እያንዳንዳቸው 10 ደቂቃ ከሆኑ 20 ደቂቃ እንደሚፈጅ እናንተ ታውቃላችሁ፤ እሷ ማወቅ አያስፈልጋትም።

የመጨረሻዎቹን ሁለት ደቂቃዎች አጠገቧ ተቀመጡ። ከኩሽና «ጨርሺ!» ብሎ መጮኽ አይሰራም። አጠገቧ ሆናችሁ «ጥንቸሉ ወዴት ሄደ?» በሉ። መልስ ስትሰጣችሁ ከስክሪኑ ወደ እናንተ አንድ እግሯን አነሳች ማለት ነው። ሲያልቅ በራሷ ጣት ታጥፋው። ሰው ሲያጠፋባት እንደተነጠቀች ይሰማታል፤ እሷ ስታጠፋው ጨረሰች።

ቀጥሎ የሚመጣው ነገር ባዶ አይሁን፤ የምትጠላውም አይሁን። ከቪዲዮ በቀጥታ ወደ ገላ መታጠብ ወይም ወደ የቤት ሥራ የሚወስድ ሰው ለራሱ ጠብ ይገዛል። በመሃል ድልድይ አድርጉ። እኛ ቤት ድልድዩ ምስር መልቀም ነው። ትሪው ላይ ምስር አፈስሳለሁ፣ ጠጠሩን ትለቅማለች። እኔ ሽንኩርት እከትፋለሁ። 15 ደቂቃ አብረን እናወራለን፣ ወጡም ይሰራል። ነጭ ሽንኩርት መላጥ፣ ልብስ ማጣጠፍ፣ ውሃ በጆግ መቅዳትም ይሆናል። ልጅ ሥራ ማገዝ ይወዳል፤ ስለምንቸኩል ነው የምናባርራቸው።

ከዚያ ዕቃው ከዓይን ይጥፋ። ስልኩ መሳቢያ ውስጥ «ይተኛል»። ቲቪውን ደግሞ እናቶቻችን ያለብሱት የነበረውን ዳንቴል አልብሱት። እናቴ ለአቧራ ብላ የሰራችውን ዳንቴል ከሳጥን አውጥቼ ስሰቅለው ይህን ያህል ይረዳል ብዬ አልገመትኩም። ጥቁር ስክሪን «ክፈቱኝ» ይላል። የለበሰ ቲቪ ግን ተዘግቷል።

ካለቀሰችስ? ታልቅስ። አጠገቧ ሁኑ፤ «አዝነሻል፣ አውቃለሁ፣ ነገ ከመክሰስ በኋላ እናያለን» በሉና ዝም በሉ። ምክር አታብዙ። አንድ ነገር ብቻ አታድርጉ፤ ስላለቀሰች መልሳችሁ አትክፈቱ። አራት ቀን ጸንታችሁ በአምስተኛው ብትከፍቱ የተማረችው «ረጅም ካለቀስኩ ይከፈታል» የሚለውን ነው። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ለቅሶው ይብሳል፤ የቀድሞው ዘዴ ሲከሽፍባት አጥብቃ ትሞክረዋለች። ያ የምትጠብቁት ነገር ይሁን።

ይህ የሚሰራው ደግሞ ሁሉም አንድ ዓይነት ሲያደርግ ነው። አባት፣ አያት፣ ሞግዚት። ለሞግዚቷ ሕጉን ብቻ ሰጥታችሁ አትውጡ። ቀኑን ሙሉ ከልጆቹ ጋር የምትውለው እሷ ናት። ስልኩን ስትነሷት ኳሱን፣ ቀለሙን፣ ምስሩን አዘጋጁላት።

እርምጃ 5፦ ልጃችሁ ኦቲዝም ካለበት

መጀመሪያ አንድ ሸክም ከትከሻችሁ ላውርድ። «ስልክ አብዝታችሁበት ነው እንዲህ የሆነው» የሚላችሁ ሰው ተሳስቷል። ኦቲዝም ከአንጎል ዕድገት ጋር የተያያዘ ነው፤ ከመወለድ በፊት ይጀምራል፣ የዘር ድርሻውም ትልቅ ነው። ቪዲዮ ኦቲዝምን አያመጣም። በዚያው ልክ ቪዲዮ ማጥፋት ኦቲዝምን አያድንም። ይህን የምለው ብዙ ወላጅ «እስቲ መጀመሪያ ስልኩን ላቁምበት» እያለ ዓመት ስለሚያባክን ነው። ልጁ ካልተናገረ፣ ስሙ ሲጠራ ካልዞረ፣ የነበረው ቃል ከጠፋ፣ ስልኩን እየቀነሳችሁ በዚያው ሳምንት ሐኪም ጋ ውሰዱት። የጆሮ ምርመራም ይደረግለት። አዲስ አበባ ላሉ ወላጆች ወይዘሮ ዘሚ የኑስ እ.ኤ.አ. በ2002 የመሠረቷት ጆይ ኦቲዝም ማዕከልና ነህምያ ኦቲዝም ማዕከል አሉ። ምን እንደሚደረግ ለመጠየቅ ብቻም ቢሆን ሂዱ።

አሁን ወደ ልጃችሁ። ቪዲዮ ለምን እንዲህ ወደደ? ሰው ይቀያየራል። ዛሬ ይስቃል፣ ነገ ይቆጣል፣ ድምፁ ከፍ ዝቅ ይላል። ቪዲዮው ግን ሁሌም ያው ነው። ቀጥሎ ምን እንደሚመጣ ያውቃል። ዓይኔን እይ፣ መልስ ስጥ አይለውም። ከትምህርት ቤት ጩኸት ለመጣ ልጅ ይህ ዕረፍት ነው፣ እውነተኛ ዕረፍት። ስለዚህ እኔ ቪዲዮን እንደ ቅጣት አልነሳውም። በሌላ ጥፋት «ዛሬ ቪዲዮ የለም» ማለት ማረፊያውን መንጠቅ ነው። ድርሻው የታወቀ ነው፣ በየቀኑ ያገኘዋል።

ያችኑ አሥር ሴኮንድ ደጋግሞ ሲያይ አትደንግጡ። መደጋገሙ በራሱ ጉዳት የለውም። ፊቱን እዩ። ረጋ ብሎ ፈገግ እያለ ከሆነ እያረፈ ነው። ሰውነቱ ተወጥሮ፣ እየተናደደ፣ መልሶ መላልሶ የሚያጠነጥን ከሆነ ግን ዕረፍት መሆኑ ቀርቷል፤ ያኔ ወደ ሌላ ነገር አሸጋግሩት።

የካርቱን ንግግር እንዳለ ሲደግምም «ዝም በል» አትበሉት። ልጄ ጫማው እምቢ ሲለው ካርቱን ላይ ያለ ባቡር ጭቃ ውስጥ ሲቀረቀር የሚለውን ይል ነበር። ለወራት ዝም ብሎ የሚቀባጥር ይመስለኝ ነበር። «እርዱኝ» እያለኝ ነበር። ከገባኝ በኋላ ጫማውን እያገዝኩ «እማ፣ እርጂኝ» የሚለውን አብሬ ማለት ጀመርኩ። አሁን አንዳንዴ በባቡሩ፣ አንዳንዴ በራሱ ቃል ይጠራኛል። ሁለቱንም እሰማለሁ።

ማለቂያው ለእሱ በዓይን የሚታይ መሆን አለበት። ቃል ይጠፋበታል፣ ሥዕል ግን አይጠፋም። እኔ የምጠቀመው ካርቶንና የልብስ መቆንጠጫ ነው። ካርቶኑ በግራ የቲቪያችን ፎቶ፣ በቀኝ ቀጥሎ የሚመጣው ነገር ፎቶ አለው፤ መጀመሪያ ይህ፣ ከዚያ ያ። ከላይ ሦስት መቆንጠጫ ይሰካል። አንድ ቪዲዮ ሲያልቅ እሱ ራሱ አንድ መቆንጠጫ ይነቅልና ቆርቆሮ ውስጥ ይጥላል። ኳ ይላል። ድምፁን ወደደው። ሦስተኛው ሲወድቅ ቲቪው ይጠፋል፣ ዳንቴሉ ይለብሳል። በመጀመሪያው ሳምንት በአምስት መቆንጠጫ ጀመርን፤ ያኔ ከሚያየው ብዙም አላነሰም። የመጀመሪያው ዓላማ መቀነስ አልነበረም፤ መጨረስን መልመድ ነበር። በየአሥር ቀኑ አንድ መቆንጠጫ ቀነስኩ። ቸኩዬ ሁለት በአንዴ የቀነስኩበት ሳምንት ሁሉም ነገር ፈረሰና እንደገና ከአምስት ጀመርን።

መሃል ላይ በፍጹም አትቁረጡበት። የጀመረው መዝሙር መሃል ላይ መቋረጡ ለእሱ ሰው እየተናገረ አፉን እንደመያዝ ነው። 40 ሴኮንድ ከቀረው 40 ሴኮንድ ጠብቁ። የሚጮኽ ታይመርም አንዳንዱን ልጅ ያስደነግጠዋል። የልጃችሁ ጆሮ እንዲህ ከሆነ አሸዋ የሚወርድበትን የብርጭቆ ሰዓት ወይም ዝም ብለው የሚነቀሉ መቆንጠጫዎችን ተጠቀሙ።

ስልክ ወይም ታብሌት የግድ ከሆነ፣ ዕቃው ራሱ ይጨርስ። አይፎንና አይፓድ ላይ «ጋይድድ አክሰስ» የሚባለው፣ አክሰሲቢሊቲ ውስጥ፣ ልጁን አንድ አፕ ላይ ያቆየዋል፤ የጊዜ ገደብም ይቀበላል። አንድሮይድ ላይ ደግሞ አፕ ፒኒንግ ከአፑ እንዳይወጣ ያደርጋል፤ «ፋሚሊ ሊንክ» የቀኑን ሰዓት ይገድባል። «ታብሌቱ ጨረሰ» ስትሉት እናንተም ከእሱ ጋር አብራችሁ ታዝናላችሁ፤ ነጣቂ አትሆኑም። አንድ ጥብቅ ማስጠንቀቂያ አለኝ። ልጃችሁ በታብሌት ሥዕል እየነካ የሚናገር ከሆነ፣ ያ ታብሌት አፉ ነው። በምንም ምክንያት አይወሰድበትም። ቪዲዮ ሌላ ዕቃ ላይ ይሁን።

ይህን ሁሉ አድርጋችሁም የሚፈነዳበት ቀን ይኖራል። መሬት ይወድቃል፣ ጭንቅላቱን ይመታል። ይህ እልህ አይደለም፤ ከአቅሙ በላይ ሆኖበት ነው። በዚያ ሰዓት ማስተማር አይቻልም። መብራቱን ደብዘዝ አድርጉ፣ ድምፃችሁን ቀንሱ፣ ሰው ከክፍሉ ይውጣ፣ ጭንቅላቱ ስር ትራስ አድርጉ። ጠብቁት። ማታ ሲተኛ ደብተራችሁን ክፈቱና ከዚያ በፊት የሆነውን እዩ። እንቅልፍ አጥቶ ነበር? እንግዳ ነበር? ቤቱ ይጮኽ ነበር? ብዙ ጊዜ መንስኤው ቪዲዮው ብቻ አይደለም።

የመብራት መጥፋት ለብቻው ዝግጅት ይፈልጋል። ከሁሉ የከፋው ማለቂያ እሱ ነው፤ ሳይታሰብ፣ ዘፈኑ መሃል ላይ። እኛ የጠፋ አምፖል ፎቶ ያለበት ካርድ ሰርተናል። መብራት ኖሮም እንለማመደዋለን። ቲቪውን አጠፋለሁ፣ ካርዱን አሳየዋለሁ፣ ለዚህ ብቻ የተቀመጠውን የባትሪ መብራትና የፊደል ኩቦች እናወጣለን፣ ከአምስት ደቂቃ በኋላ መልሰን እንከፍታለን። አሁን መብራት ሲሄድ ራሱ ካርዱን ፍለጋ ይነሳል።

ሁለት የጤና ነገር ልጨምር። ድምፁን ዝቅ አድርጉ፣ በተለይ በጆሮ ማዳመጫ ሲሆን። የሚጥል በሽታ ደግሞ ኦቲዝም ባለባቸው ልጆች ላይ ከሌሎች ይልቅ ይበዛል፤ ብልጭ ድርግም የሚል ብርሃን የሚቀሰቅስባቸው አሉ። ልጃችሁ እያየ ድንገት ከፈዘዘ ወይም ከተንዘፈዘፈ አጥፉና ሐኪም አማክሩ።

ይህን የቪዲዮ ፍቅር ለመልካምም ተጠቀሙበት። ፀጉር መቆረጥ ለልጄ መከራ ነበር። የአጎቱ ልጅ ሲቆረጥ በስልክ ቀረፅኩት። ገባ፣ ተቀመጠ፣ ማሽኑ ጮኸ፣ አለቀ፣ ከረሜላ ተሰጠው። በጠቅላላው አንድ ደቂቃ። ለሁለት ሳምንት ከመቆንጠጫዎቹ በአንዱ ያንን አየ። ከዚያ ሄድን። አልቅሷል፤ ግን ተቀመጠ። ይህ እኔ የፈጠርኩት አይደለም፤ ቪዲዮ ሞዴሊንግ ይባላል፣ ኦቲዝም ላለባቸው ልጆች እንደሚሠራ በጥናት የታየ ዘዴ ነው። ስትቀርፁ አንድ ነገር ብቻ አሳዩ፣ ንግግር አታብዙ፣ ከ30 ሴኮንድ እስከ አንድ ደቂቃ ይበቃል። ጥርስ መፋቅ፣ ጫማ ማሰር፣ ታክሲ መሳፈር፣ ክሊኒክ መግባት።

ከቤት ውጭና የእንግዳ ቀን

ዘመድ ልጅ ሲያለቅስ አይወድም። «አንቺ ደግሞ፣ ምናለ ብትሰጪው» ብሎ የራሱን ስልክ ይዘረጋል። ቀድማችሁ ንገሯቸው፣ በር ላይ፣ በአክብሮት። «እትዬ፣ እባክዎ ስልክ እንዳይሰጡብኝ፤ ከዚያ ይልቅ ተረት ይንገሩልኝ» ብላችሁ ሥራ ስጧቸው። አብዛኞቹ ደስ ይላቸዋል። ለታክሲና ለወረፋ ቦርሳ ውስጥ ትንሽ ደብተርና እርሳስ፣ ቆሎ፣ አንዲት መጫወቻ ያዙ። የታመመ ልጅ፣ ረጅም የአውሮፕላን ጉዞ፣ እናት ራሷ የታመመችበት ቀን፦ በእነዚህ ቀናት ተጨማሪ ቪዲዮ ቢያዩ ምንም አይደለም።

ከእንዲህ ዓይነት ቀን ወይም ከበዓል በኋላ ሥርዓቱ ይላላል። እኛም ቤት በየፋሲካው ይላላል። ያኔ ከአሁኑ ቁጥር ሁለት መቆንጠጫ ጨምራችሁ ለሦስት ቀን ያዙት፣ ከዚያ በየጥቂት ቀኑ አንድ አንድ ንቀሉ። ዳንቴሉን አጥባችሁ መልሱት። እኔ ቤት የሚያለብሰው ልጄ ነው። አራቱን ጫፍ እኩል ሳያደርግ አይሄድም፣ እህቱም ምስሩን ትሪ ላይ አፍስሳ ትጠብቀዋለች።